የሙሴ ሄንክ ቦታ

ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ፤ ሙሴ ሄንክ ጥቁር ኮታቸውን ደርበው ወጡ። ጡረታ ወጥተው ናዝሬት ከከተሙ ወዲህ፣ እድርተኛው እኚህን ግዙፍ ሆላንዳዊ ሳይዝ መርዶ ለመንገር ሄዶ አያውቅም። አማርኛቸው ኮልታፋ ቢሆንም ችግር የለም፤ የሳቸው ሥራ ከኋላ ቆሞ፣ መርዶ ሰምቶ የሚወድቀውን ሰው መያዝ ነው።

ጎረቤቶቻቸው ደጃፉ ላይ ተሰብስበው ቆመዋል።

«ዛሬስ ማን ቤት ነው?» አሉ በሩን እየቆለፉ።

ከመካከላቸው እትዬ ጥሩነሽ ቁልፉን ቀስ ብለው ከእጃቸው ወሰዱና በሩን መልሰው ከፈቱት።

«ይግቡ ሙሴ፣ እስቲ ቁጭ እንበል።»

ሆላንድ ያለችው አንድ ልጃቸው ትላንት ስልክ አላነሳችም ነበር። ዞር ሲሉ ጎረቤታቸው ፈይሳ ከኋላቸው ቆሟል፤ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ።