እማ ጃፓንኛ ስትናገር

የዙሌይካ እናት ጃፓንኛ ተናገረች። አዎ፣ ጃፓንኛ! ከደሴ አልፋ የማታውቅ ሴትዮ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት እየፋቀች፣ ልጇ ስትገባ ቀና አለችና "ኦካኤሪ" አለቻት። እንኳን ደህና ገባሽ ማለት እኮ ነው።

ዙሌይካ በሳቅ ፍርስ አለች። ወላሂ፣ እንዴት አትስቅ? ዓሣ ዓሣ ብትሸትም አቅፋ ሳመቻት።

"እማ፣ ማን አስተማረሽ?"

እማ ወደ ጎኗ ዞር አለች። አጠገቧ ሳፋውን የያዘችላት ረቢያ፣ የዙሌይካ የልብ ጓደኛ፣ አንገቷን ደፋች።

ዙሌይካ ሳቋን አቆመች።

ጃፓንኛ እኮ የሁለቱ ጓደኛሞች ብቻ ነበር። ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ ሲገባ ሁለቱ ቤተሰቦች አርዲቦ ሐይቅ ዳር አንድ ጎጆ ተጠግተው፣ ኔትወርክ የለ፣ ትምህርት የለ፣ ያለው ረቢያ ስልክ ላይ ተጭኖ የተገኘ የጃፓንኛ ትምህርት። አንዱን ማዳመጫ አንዷ፣ ሌላውን ሌላዋ ሰክተው፣ ለማንም ላያስተምሩ በአላህ ስም ተማማሉ። ከዚያ ወዲህ ሚስጥሩ ሁሉ እማ ፊት ይወራል። እማም "ደሞ ጀመራችሁ የወፍ ቋንቋችሁን" ብላ ትስቃለች።

ዛሬ ጠዋትም እዚሁ በረንዳ ላይ፣ ዙሌይካ ለረቢያ "አሺታ፣ ባሱ" ብላታለች። ነገ፣ በአውቶቡስ። አንድ ደላላ በባቲ አድርጎ አረብ አገር ሊያሻግራት ነው። አሁንም ከሱ ዘንድ መምጣቷ ነው።

"አንች ነሽ የነገርሻት?"

"አልነገርኳትም" አለች ረቢያ። "'አሺታ' ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ባሱንማ ራሷ አወቀችው።"

"እና መለስሽላት?"

"እየተንቀጠቀጠች እኮ ነው የጠየቀችኝ፣ ዙሊዬ።"

"ዙሊዬ አትበይኝ።"

እማ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና የልጇን የቦርሳ ማንገቻ ያዘች። ጣቷ ላይ የቀረው ቅርፊት ያብለጨልጫል። ከንፈሯን እንደ ተማሪ አነቃነቀች፣ ረቢያን አየት አደረገች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፦

"ኢካናይዴ።"

ዙሌይካ ይሄን ቃል አታውቀውም። አብረው ከተማሩት ውስጥ የለም። ረቢያ ለብቻዋ ፈልጋ፣ ለእማ ብቻ ያስተማረችው ነው።

"'አትሂጂ' ማለት ነው" አለች ረቢያ፣ ሳፋው ውስጥ እያየች።

እማ ማንገቻውን እንደያዘች መልስ ትጠብቃለች። ዙሌይካ አፏ ላይ የመጣላት ሁለት ቃል ነው። "ሃይ" እሺ ነው። "ጎሜን" ይቅርታ ነው። ሁለቱንም የተማረችው ረቢያ ጎን ተኝታ፣ በአንድ ማዳመጫ ነው።

እናንተ ብትሆኑ የቱን ትሏት ነበር?