ቀሊል አፈር

የጠፈር መንኮራኩር ማስነሻ ጣቢያው ከተማዋ ጥግ ከተተከለ ወዲህ፣ ለቁስ ሁሉ ክብደት የሚሰጠው የሂግስ መስክ ሳስቶ ሰዉም ዕቃውም እንደ ላባ ቀሏል። መንኮራኩሮች ሳይቸገሩ እንዲነሱ ነው ተብሎ ነበር። ትርሲት ሕፃን ልጇን በመቀነት ከአልጋው ጋር አስራ ማስተኛት ከለመደች ቆይታለች። የእናቷ ቀብር ግን ከለመደችው ሁሉ የከፋ ሆነባት። ሳጥኑን በእንጨት ገፍተው በግድ ወደ ጉድጓዱ አወረዱት። አፈሩን ግን በመለሱት ቁጥር ነፋስ እያነሳ ወሰደው።

የጣቢያው ኃላፊ ታላቅ ወንድሟ ጉልላት ነው። አካፋ ይዞ ወደ ቆመበት ሄደች።

«እስክንቀብራት ድረስ ጣቢያውን አስጠፋው።»

«መንኮራኩር ሊነሳ ነው። አልችልም።»

«የወለደችህ እናት እኮ ናት።»

«አውቃለሁ። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ቀባሪው መስማቱን ሲያይ ጉልላት ደነገጠ፤ ነገሩን ለማብረድ ብሎ የለመደውን ቃል ተናገረ። «እንግዲህ አፈሩን ገለባ ያድርግላት።»

ትርሲት አካፋውን ከእጁ ነጠቀችው።

«እሱንማ አንተው አድርገህላታል» አለችው።

አፈሩን ወደ ጉድጓዱ መልሳ፣ ነፋስ ሳያነሳው ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በላዩ ላይ ዘረጋችና ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹም የየራሳቸውን እየዘረጉ ከጎኗ ተቀመጡ፤ ወንዶቹ በጋቢያቸው ተከተሉ። ጉልላት ኮቱን አውልቆ መጣና መቀመጫ ፈለገ። ጠጋ የሚልለት አጣ። ከበስተኋላው መንኮራኩሯ ወደ ሰማይ ስትነሳ፣ ከለቀስተኛው ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።