ዝገት የማይበላው ተሳቢ

ሰውየው በብረት ሠሪው ቤት ግድግዳው ላይ የተደገፈውን አሉሚኒየም አንድ በአንድ በጣታቸው እያንኳኩ ወፍራሙን መረጡ። የፈለጉት ሃያ ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ከመኪናቸው ኋላ የሚጎተት ተሳቢ ነው።

«ወለሉን ከሥር በብረት ደግፍልኝ። ቡሎኑንም ደርብበት።»

ብረት ሠሪው ፈገግ አለ። የሰፈሩን የቧንቧ ቦይ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲቆፍር ከርሞ የተላጠ መዳፉ ገና አልሻረም። ለሚስቱም «ለፋሲካ ከደጅሽ ትቀጃለሽ» ብሎ ምሎላታል።

«ጋሼ፣ ለምን ይደክማሉ? ቧንቧው እኮ ለፋሲካ ይገባል ተብሏል። ቀጭኑም እስከዚያ ያደርስዎታል።»

«አንተ ብቻ አጠንክረህ ሥራው፣ የኔ ልጅ። ሃያ ዓመት እንዲያገለግለኝ ነው የምፈልገው።»

እንደታዘዘው አጠንክሮ ሠራው። በአራተኛው ቀን ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ሲያያይዝ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አጠገቡ ቆመው የሚያዩትን ሰውየውን ጠራ።

«ኢንጂነር፣ እንፍጠን እንጂ! የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀ ነው። ቧንቧው መቼ እንደሚገባ እርስዎ ካልነገሩት ማን ይነግረዋል?»

መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ብረት ሠሪው ቆሞ አየ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባና ከወፍራሙ አሉሚኒየም አንዱን አነሣ፤ ሚስቱ በእጇ ልትጎትተው በምትችለው ልክ መለካት ጀመረ።