ሐኪሙን ያልጠየቅሁት

በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. አባባ ለዑምራ ጅዳ መጥተው ታመሙ። እኔ እዚያ ሰው ቤት እሠራ ስለነበር ሐኪሙ የሚለውን የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። ከልባቸው የሚወጣው ዋናው የደም ሥር መነሻው ላይ ተነፍቷል፣ ከነቫልቩ መቀየር አለበት አለ። የብረቱ ቫልቭ ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛና የማያቋርጥ ምርመራ ይፈልጋል፤ አገራችን መካነ ሰላም ላይ ያ የለም። በሰባ ዓመታቸው ከላም ልብ ሽፋን የተሠራው ይሻላቸዋል አለ።

"ሀጀራ፣ ላሚቱ ስትታረድ ቢስሚላህ ተብሎባታል ወይ በይልኝ" አሉ አባባ።

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። እንዲህ ያለ ነገር ለመጠየቅ አፈርኩ። አልጋ መቼ እንደሚይዙ ጠየቅሁትና ወደ አባባ ዞሬ፣ "ተብሎባታል ይላል" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን አተሙ።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። አብረን አገራችን ገባን። ውሸቴን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ለአረፋ በሬውን የሚያርዱት እንደ ወትሮው አባባ ነበሩ። የሰፈሩ ወንዶች በሬውን ጠልፈው ጣሉትና ወደ መካ አቅጣጫ፣ ወደ ቂብላ አዞሩት። አባባ ቢላዋውን እንደያዙ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ሣሩ ላይ አስቀመጡትና ከበሬው አጠገብ በግራ ጎናቸው ተኙ። እግራቸውን ሰብስበው አንገታቸውን ወደ ቂብላ ዘረጉ።

"አባባ፣ ደከመዎት?" አልኩ።

ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ፣ "ቢስሚላህ አልተባለብኝም" አሉ።