ይመጣሉ

ዝናቡ ከከዳ ወዲህ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ቧንቧ ተዘግቶ ነው የሚውለው። ማየት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ደውሎ ውሃውን ያስለቅቃል። ባሏ የሞተባት ትሁኔም ባሕር ዳር ካለው ቤቷ ሆና ደወለች።

«ከማን ጋር ይመጣሉ?» አላት ስልኩን ያነሳው ማሽን።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ይቅርታ፣ ለአንድ ሰው ውሃ አይለቀቅም። አብሮዎት የሚመጣ የለም?»

ለማሽን መርዶ መንገር አሳፈራት። «ቢኖሩማ መች ይቀሩ ነበር!» አለች። ዕድሜ ልኳን ባሏን አንቱ ስትል ኖራለች፤ አሁንም ሌላ አልወጣትም።

«ታዲያ ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ» አለች።

ማሽኑ አክብሮቱን ብዛት አድርጎ ወሰደው። «በጣም ጥሩ፣ ብዙ ናችሁ ማለት ነው! ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንጠብቃችኋለን።»

እንጠብቃችኋለን! እንዲህ ከተባለች ስንት ጊዜዋ። ስልኩን ከዘጋች በኋላም ቃሉ ጆሮዋ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ማለዳ እንቁላል ቀቀለች፣ ዳቦ ቆረጠች፣ ርጭቱ እንዳያበሰብሳት ጃንጥላዋን አወጣች። እሷን እንኳ ሐኪም ጨው ከከለከላት ቆይቷል። ቢሆንም ከመደርደሪያው ጥግ የደረቀውን ጨው በማንኪያ ፍቃ በወረቀት ጠቀለለችና ከእንቁላሉ ጎን አኖረችው።

ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። መውጣቱን ግን ትታ ወደ ጎን ፈቀቅ አለችና፣ ወደ ባዶው ቤት ዞራ፣

«ይቅደሙ» አለች።