የማን ግራ?

«ወደ መሃል መስመሩ አልኩሽ! ወደ ጎን ማን አለሽ?» ዶክተር ሣህሌ ሸሚዙን አውልቆ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው እንደተኛ ጮኸባት።

ተማሪዋ ይርገዱ ጣቷን ከብብቱ ወደ ደረቱ አጥንት መለሰች። ለወትሮው ለአናቶሚ ፈተና የሚተኛላቸው ዘበኛው ከድሩ ነበር። ተማሪዎቹ ገላውን እየነኩ «ፊት፣ ኋላ፣ ወደ ራስ፣ ወደ እግር» ሲሉ እሱ ያንቀላፋል። ዛሬ ግን አርብ ነው፣ ከድሩ ጁምዓ ሊሰግድ ሄዷል። ዶክተሩ ደግሞ እስኪመለስ ከመጠበቅ ራሱ መተኛትን መረጠ። እልኸኛ ሰው!

ይርገዱ ይህን ፈተና ሁለቴ ወድቃለች። ሁለቴም ጥፋቷ አንድ ነው፤ ፊት ለፊት ቆማ የራሷን ግራ የበሽተኛው ግራ አደረገችው። ዛሬ ከወደቀች ከኮሌጁ ትባረራለች፣ ሰመራን ለቃ እናቷ ወደምትለቅምበት የጥጥ እርሻ ትመለሳለች። ሰውየው ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«የአንቺ እጅ ለጥጥ እንጂ ለሰው ገላ አልተፈጠረም» አላት። «ቀጥይ! ከአንገት አጥንት በላይ!»

ምነው አፈር በበላህ፣ አለችው በሆዷ። ጣቶቿን ከአጥንቱ በላይ ያለው ስርጉድ ላይ አሳረፈች። አንድ ነገር ነካች። ሽምብራ ያክላል፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው።

«ምን ትጎረጉሪያለሽ? ተናገሪ!»

«እብጠት አለ።»

«የት?»

«ከአንገት አጥንት በላይ፣ ወደ መሃል መስመሩ ጠጋ ብሎ። በግራ በኩል።»

ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ያስተማራቸው ዶክተሩ ራሱ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ በግራ በኩል ጠጣር፣ ሲገፉት የማይነቃነቅ እብጠት ካገኛችሁ ሆድ ውስጥ ካንሰር ፈልጉ፣ እዚያ ከደረሰ ብዙውን ጊዜ መሽቷል ብሎ። ዘንድሮ ደግሞ ምግብ እምቢ ብሎት ክስት ብሏል። ሰዉ ሁሉ የሰመራ ሙቀት ነው ይለው ነበር፣ እሱም አምኖ ተቀምጧል።

«የማን ግራ?» አላት። «የአንቺ ነው የእኔ? ደግመሽ አስቢ። ሁልጊዜ እንደተሳሳትሽ ነው።»

ራሱ ቢነካው ማን ከለከለው! ግን እጆቹን ካሉበት አላነሳም።

«ቀኝ በይኝ» አለ፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀኝ በይኝና አልፈሻል። ውጪልኝ።»

ይርገዱ የእናቷ የተሰነጣጠቁ ጣቶች ድቅን አሉባት። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ሰውየውን ደግሞ ከልቧ ትጠላዋለች፤ ብትዋሸው ምን ገዷት! አፏን ከፈተች፣ ቃሉ ግን አልወጣ አላት።

«የእርስዎ ግራ ነው፣ ዶክተር።»

የእጇን አንጓ አፈፍ አደረገው። ሊገፈትራት ነው ብላ ደነገጠች። እሱ ግን ጣቶቿን እዚያው እብጠቱ ላይ መልሶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሲገፉት ይነቃነቃል?» መልሱን ሳያውቅ ሲጠይቃት የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው። ቆዳው ተንሸራተተ፣ እብጠቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«ተናገሪ እንጂ!» ብሎ ጮኸባት፤ እጇን ግን አልለቀቀም።