ከስክሪኑ በስተኋላ

አባቷ ስሱን የስልክ ስክሪን ወደ መስኮቱ አነሳና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየበት። ልጁ አምስት ወር የለፋችበት ሥራ ነበር። ካሜራውና ድምፅ ማጉያው ከስክሪኑ ኋላ ተደብቀው፣ ብርሃንና ድምፅ ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ያልፋሉ ተብሎ ነበር የታሰበው። ብርሃኑ አለፈ፤ ድምፁ ግን ታፈነ። እስከ ሰኞ መላ ካልተገኘለት ሥራው ሊሰረዝ ነው።

"ቀዳዳውን ባሰፋው ምስሉ ይበላሻል፤ ግራ ገባኝ እኮ አባዬ" አለችው።

አባቷ ስክሪኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮ ሲጠግን፣ የማጉያውን ፊት የሚሸፍነውን ጨርቅ የሚመርጠው እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ በብርሃን ያየዋል፣ ቀጥሎ እፍ ይልበታል። ትንፋሹ ማለፉን ለማወቅ ከጨርቁ ኋላ መዳፏን የምትደቅንለት እሷ ነበረች፤ ያኔ ገና ሕፃን ሳለች። አሁንም ሳይጠራት እጇን ዘረጋች። እፍ አለ።

"ምንም አይሰማኝም" አለች።

"እንዴት ይሰማሻል? ከኋላው ጠቅላላ ሙጫ ቀብተሽው! ጥርት ያለ ሙጫ ስለሆነ ብርሃኑን አሳለፈና ሸወደሽ። በዳር በዳሩ ብቻ ነው የሚለጠፍ፣ የኔ ልጅ።"

ሙጫውን ከመሀል በምላጭ ፍቃ፣ ማጉያውን መልሳ ገጠመችና ሙዚቃ ከፈተች። አንዲት ዘፋኝ ጥርት ብላ ተሰማች።

አባቷ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ጣቶቹ በልማድ የስክሪኑን ጠርዝ ዳበሱ፤ እንደ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ እየፈለጉ ነበር። በዚያ ለስላሳ መስታወት ላይ ግን የሚሽከረከር ነገር አልነበረም። እሷም ድምፁን ቀስ አድርጋ ከፍ አደረገችለት።